ዝናብ ቤት ያዋላቸው ጠየቁ

ሐምሌ ገብቶ ጅማ ላይ ሰማዩ ሲቀደድ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ወደ ምድጃው ዳር ይሰበሰባሉ። በዚህ ወር ከደረሱን አብዛኞቹ ስለ ሾርባ ናቸው። የቀሩት ደግሞ ቤተሰብ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሲውል የሚነሱ ጣጣዎች ናቸው፦ የከሰል ምድጃ፣ የማይደርቅ ልብስ፣ ቅዳሜ ማታ የሚነሳ ትኩሳት። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን አላሳጠርንም።

ጥያቄ፦ ስድስት ቤተሰብ ነን። ቅዳሜ ዝናብ ሲይዘን የሥጋ ሾርባ እሠራለሁ። አንድ ቀን ወፍሮ ገንፎ ይሆናል፣ ሌላ ቀን እህሉ ከሥር ተቀምጦ ውሃው ከላይ ይቀራል። ሥጋውም እንደ ገመድ ይሆንብኛል። ልኬቱን ከነቅደም ተከተሉ ንገሩኝ። — ከሂርማታ

መልስ፦ እርስዎን ያስቸገረዎት ከልኬቱ ይልቅ ሰዓቱ ይመስለናል። ሥጋ፣ እህልና አትክልት እኩል ጊዜ አይፈልጉም፤ አንድ ላይ ከገቡ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይፈርሳል።

ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ ይበቃል። ጉልበት ወይም ጎድን ይግዙ። ለስላሳውን ሽንጥ ለሾርባ ማዋል ገንዘብ መጣል ነው፤ ብዙ ሲፈላ ቶሎ የሚደርቀው እሱ ነው። ጉልበት ላይ ያለው ጅማት ግን በዝግታ ሲበስል ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል፣ ሥጋውንም ያለሰልሰዋል። ሥጋው እንደ ገመድ የሆነብዎት ወይ የሥጋው ዓይነት ነው፣ ወይ እሳቱ በዝቶ ነው፣ ወይ ሳይበስል ወጥቷል።

የሾርባ እህል (የአጃ ወይም የስንዴ ክክ) 150 ግራም፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ የማይሞላ። ውሃ ሦስት ሊትር። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ሁለት መካከለኛ ድንች፣ አምስት ስድስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል። ድንብላል አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የሁለት ኮረሪማ ፍሬ። ጨው አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፤ እሱም ሁሉም በአንዴ አይግባ።

ሥጋውን በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱ። በፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ደሙ ወዲያው ይረጋና በመረቁ ውስጥ ይበታተናል፤ ከቀዝቃዛው ጋር አብሮ ሲሞቅ ግን ግራጫ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ያንን አረፋ በጭልፋ እየገፈፉ ይድፉ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ የጨውን ግማሽ ጨምረው እሳቱን ይቀንሱ፤ ከሰል ከሆነ ፍሙን ወደ ዳር ይግፉት። ድስቱ መገንፈል የለበትም፤ እዚህም እዚያም አንድ አንድ አረፋ ብቅ ካለ ይበቃል። የሚንፈቀፈቅ ድስት ስቡን ከውሃው ጋር እየመታ ያቀላቅለዋል። መረቅ ደፍርሶ ምላስ ላይ የሚለጠፈው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው በፍጥነት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ የውጭ አገር የምግብ አሠራር «አንድ ሰዓት» ካለ እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ይያዙ። ለእኛ ጉልበት አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን። በፕሬሸር ድስት ከሆነ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 40 ደቂቃ ይበቃል።

እህሉን ሥጋው እየበሰለ ሳለ አጥበው ይዘፍዝፉት፤ አጃ ከሆነ ግማሽ ሰዓት፣ ስንዴ ከሆነ ግን ከዋዜማው ቢያድር ይሻላል። አንድ ሰዓት ተኩሉ ሲሞላ እህሉንና ከትፈው ያቆዩትን ቀይ ሽንኩርት ያስገቡ። አሁን ነው ከድስቱ መራቅ የማይቻለው፤ በየአምስት ደቂቃው በእንጨት ማማሰያ ከሥር ጀምሮ መማሰል አለበት። እህሉ ከሥር ተቀምጦ ውሃው ከላይ የቀረብዎት ሳይማሰል ወይም ገና ሳይበስል አውጥተውት ነው፤ ክኩ ሲፈነዳ የሚለቀው ዱቄት ነው ሁለቱን የሚያዋሕደው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ካሮቱንና ድንቹን፣ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በመጨረሻ ድንብላሉን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ኮረሪማውን ይጨምሩ። ቅመም ገና ከጅምሩ ከገባ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል፣ ሾርባው ውስጥ ግን አይገኝም። የቀረውን ጨው የሚጨምሩት አሁን ቀምሰው ነው።

መወፈሩ ደግሞ አይቀርም፤ እህሉ ከወረደም በኋላ ውሃ መምጠጡን ይቀጥላል። ስለዚህ ሲያወርዱት ትንሽ ቀጠን ያለ ይሁን። ማዕድ ላይ ሲደርስ ከወፈረ የፈላ ውሃ ጨምረው አንድ ጊዜ ያንተክትኩት። ከሥር ከያዘብዎት አይፋቁት፤ የላዩን ቀስ አድርገው ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡ፤ ያረረው ካልተነካ ሽታው አይከተልም።

ጥያቄ፦ የቅዳሜውን ሾርባ ለእሁድ ምሳ አሳድራለሁ። ክዳኑን ገጥሜ እዚያው ምድጃው ላይ እተወዋለሁ። ጠዋት አንዳንዴ ይኮመጥጣል። በደንብ አፍልቼ ብንበላውስ? ፍሪጅ አለን፤ መብራት ግን ይጠፋል። — ከመንደራ

መልስ፦ የኮመጠጠውን ይድፉት። በእህልና በሥጋ ላይ ያሉ አንዳንድ ተሕዋስያን ፍላት የማይገድለው ዘር አላቸው፤ ሾርባው ለብ ሲል ዘሩ ይነቃና ይራባል። ከእነሱ መካከል የሚተዉት መርዝ እንደገና ቢፈላም የማይጠፋ አለ። አፍልቶ መብላት ስለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ጥፋቱ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ሦስት ሊትር ሾርባ ተከድኖ ሲቀመጥ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ለተሕዋስያን ከዚህ የተመቸ የለም። እራት እንደተበላ የተረፈውን ወደ ሁለት ሦስት ሰፋፊ ዕቃ ይገልብጡ፤ ከፍታው ከሦስት ጣት አይበልጥ። ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሾርባውን እያማሰሉ ውሃውን ሁለት ጊዜ ይቀይሩ። እጅ ሲነካው ካልሞቀ ከድነው ፍሪጅ ያስገቡ። ምግቡ ከእሳት ከወረደ ጀምሮ ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። እንዲህ የተቀመጠ ሾርባ ሦስት ቀን ይበላል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥቶ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት። ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየና ሾርባው ለብ ካለ ያው ምድጃ ላይ እንዳደረ ነው የሚቆጠረው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ደግሞ ልኬቱን በግማሽ ቀንሶ በዕለቱ የሚያልቅ ይሥራ፤ ሌላ ዘዴ አለ ብለን አናታልልም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ብርዱ ለልጆቹ ስለሚከፋ የከሰሉን ምድጃ መኝታ ክፍል እናስገባለን። የምናስገባው ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ነው። አማቴ አመድ አልብሰው አጠገቡ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ያስቀምጣሉ፤ «ውሃው ይስበዋል» ይላሉ። ባለቤቴ ግን አይሆንም ይላል። ማን ነው ልክ? — ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ባለቤትሽ ልክ ነው። በዚህ ጉዳይ አስታራቂ መልስ የለንም።

ከከሰል የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ የሚታየው ከሰሉ ገና ሲያያዝ ነው፤ ጋዙ ግን ፍሙ ቀልቶ ጭስ ሳይኖርም ይወጣል። እናንተ ምድጃውን የምታስገቡት ማስጠንቀቂያው ሲጠፋ ነው ማለት ነው። አመዱ አየር ስለሚያሳጣው ከሰሉን ያቆየዋል፤ ጋዙም እስከ ንጋት ይቀጥላል። ውሃ ይህን ጋዝ አይስበውም ቢባል ይቀላል፤ የሚሟሟው እዚህ ግባ የማይባል ነው። አማትሽን ግን «ተሳስተዋል» ብለሽ አትግጠሚያቸው፤ ምድጃውን የሚተካ ሙቀት ብታቀርቢላቸው ነገሩ በሰላም ያልቃል።

ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። ምልክቱ ጉንፋን ይመስላል። የሚለየው ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያማቸውና ውጭ ሲወጡ ሲሻላቸው ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቶሎ ይጎዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ በሩንና መስኮቱን በርግዶ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀጥሎ ጤና ተቋም ማድረስ ነው፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ምንም የሚጠጣ አይሰጥም፣ ያንቀዋል።

ለሙቀቱ፦ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ (ሃይላንድ) ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ልጆቹ ከመተኛታቸው ሩብ ሰዓት በፊት ብርድ ልብስ ሥር አስገቡ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ልጅም ያቃጥላል። ሲተኙ አውጡት። ካልሲና ኮፍያ፣ ከፍራሹ ሥር ካርቶን ማንጠፍም ከላይ ሌላ ብርድ ልብስ ከመጨመር የማይተናነስ ጥቅም አለው። ቡና ቀን ላይ ሲፈላም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ካልሆነ በሩም ትይዩ ያለው መስኮትም ተከፍተው ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ሚኒያፖሊስ፣ አሜሪካ ነው የምትኖረው። በስልክ ስናወራ ክረምታቸው ሲገባ በረዶ ቤት ይዘጋባቸዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ከነልጆቿ ከቤት አይወጡም። ትልቅ ድስት ሾርባ ሠርታ በረንዳ ላይ በረዶው ውስጥ ቀብራ ታሳድራለች። ቡናዋንም እንደ አገሯ በከሰል ታፈላለች። ከአሁኑ ልቤ አልረጋም፤ ምን ልበላት? — እናት፣ ከጂረን

መልስ፦ እናታችን፣ ልብዎ የፈራው እውነት አለው፤ ከሁለቱ ግን የሚያስፈራው ከሰሉ ነው።

እንደዚያ ያለ አገር ቤት ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ መስኮቱ ድርብ፣ በሩ ጥብቅ ሆኖ ነው የሚሠራው። የእኛ ቤት በጣሪያና በግድግዳ መሐል ክፍተት እያለው እንኳ ሰው ይሞታል፤ እዚያ ይብሳል። ቡናዋን በኤሌክትሪክ ምድጃ ትቁላ፣ ጀበናዋን መጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት ትጣድ፤ ሸክላ በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን ትይ፤ ቁልፉን ተጭና በየወሩ ትሞክረው። አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ይጨምሩላት፦ በረዶ የሸፈነውን መኪና ከማስነሳቷ በፊት የጭስ ማውጫውን ትጥረግ፤ ከተደፈነ ያው ጋዝ ልጆቹ ወደተቀመጡበት ይገባል።

ሾርባውን በተመለከተ፣ የተከመረ በረዶ ውስጡ አብዛኛው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ትኩስ ድስት ሲቀበርበት ዙሪያውን አቅልጦ ጉድጓድ ይሠራና በረዶው ሳይነካው ለብ እንዳለ ያመሻል። በረዶውን ወደ ሳፋ አስገብታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሳበት ድስቱን እዚያ ውስጥ ብታስቀምጥና ብታማስል ግን በግማሽ ሰዓት ይበርዳል። ጭብጥ ጨው ብትጨምርበት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዚያ ወደ ፍሪጅ። በረንዳ ላይ ማሳደር የማይመከረው ቅዝቃዜው ስለማይታመን ነው፤ ቀን ፀሐይ ክዳኑን ታሞቀዋለች፣ ሌሊት ደግሞ ይጋገርና የብርጭቆ ዕቃ ከሆነ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ 11 ዓመቴ ነው። ዝናብ ሲሆን ውጭ አንጫወትም። እናቴን ኩሽና ማገዝ እፈልጋለሁ፣ እሷ ግን «ትቃጠያለሽ» ትለኛለች። ምን መሥራት እችላለሁ? — ከቦሳ

መልስ፦ ከእሳት ርቀሽ የምትሠሪው ሞልቷል። ምስር ልቀሚ፦ ነጭ ትሪ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዘረጋሽ ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን ሳቢ፤ አንዳንዱ ጠጠር ከምስር ጋር ይመሳሰላል። ነጭ ሽንኩርት ላጪ፦ ፍልቃቂዎቹን ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ብትነክሪያቸው ልጣጩ በጣት ይወልቃል። እናትሽ የቆላችውን ድንብላል ሙቀጫ ውስጥ ውቀጪ፤ ፍሬው ለሁለት ለሦስት ከተሰበረ በቂ ነው፣ ዱቄት አታድርጊው። የፈላ ድስት ማንሳትና ምድጃ ላይ ያለውን ማማሰል ግን ለጊዜው የእናትሽ ይሁን። ስትላጪ ዓይንሽን አትሺ።

ጥያቄ፦ የሕፃን ጨርቅና የልጆች ልብስ ሦስት ቀን ተሰቅሎም አይደርቅም፣ ይሸታል። መኝታ ክፍል ውስጥ ገመድ ዘርግተን እየሰቀልን ነው። አሁን ደግሞ ግድግዳው ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። — ከጊንጆ

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው፤ ከልብሱ የወጣው እርጥበት ግድግዳው ላይ አርፎ ሻገተ። ገመዱን ወደ በረንዳ፣ ከጣሪያ ክፈፉ ሥር ያውጡት። ዝናብ ቢሆንም ነፋስ ካለ ልብስ ይደርቃል፤ የሚያደርቀው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ከመስቀልዎ በፊት የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው አብረው ይጠቅልሉና ቆመው ይርገጡት፤ ፎጣው ብዙ ውሃ ይቀበላል። በልብስና በልብስ መካከል አራት ጣት ይተው፤ ሱሪ ከወገቡ ተከፍቶ ይሰቀል። ለነገ የሚፈለገውን ግማሽ ደረቅ ሲሆን ከውስጥ በኩል ይተኩሱት። የሚሸተውን እንደገና በሙቅ ውሃ ማጠብ ግድ ነው፤ ሽታው ልብሱ በዝግታ ሲደርቅ የበዙ ባክቴሪያዎች ስለሆነ ፀሐይ ላይ በማውጣት ብቻ አይለቅም።

ለግድግዳው አንድ ሲኒ በረኪና በዘጠኝ ሲኒ ውሃ ይበጥብጡ፣ በር ከፍተው፣ ጓንት አድርገው ይቀቡት፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጥረጉት። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። በርበሬና ሽሮም በዚያው ክፍል ከሆነ ይፈትሹት፤ የሻገተ ዱቄት ላዩን ገፎ መብላት አይሆንም፣ የሻጋታው መርዝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ወር ልጄ ቅዳሜ ማታ አተኮሰው። ዝናብ ላይ ይዘነው ስለወጣን ብርድ ነው ብለን በማር የተበጠበጠ ሞቅ ያለ ነገርና መረቅ ሰጠነው። ሰኞን መጠበቅ እንችላለን? — ከቆጪ

መልስ፦ አትጠብቁ። ጅማና አካባቢዋ ወባ ያለበት ነው፤ ትኩሳት ሲኖር «ብርድ ነው» ወይም «ምች ነው» ከማለት በፊት በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይመርመር። ጡት መጥባት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

ማሩን አቁሙ። የአካባቢያችን ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ነቅቶ ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያመነጭ ዘር ሊኖርበት ይችላል። በሙቅ ውሃ መበጥበጡ አያጠፋውም። መረቁም ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ድንቹን፣ ካሮቱንና እህሉን ጨውና ቅመም ሳይገባበት ለብቻው ቀቅላችሁ፣ በማንኪያ ደፍጥጣችሁ፣ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ወፍራም አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ስጡት። ጡቱን ደግሞ አዘውትሩ።

በአጭሩ

*ጨው በዛብኝ፤ ድንች ብጨምር ይስበዋል?* ድንች የሚስበው ጨዋማውን ውሃ ነው፤ የቀረው ሾርባ ጨዋማነቱ ያው ነው። ጨው የሌለው የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ከሳሳ ጥቂት እህል ለብቻው ቀቅላችሁ አክሉበት።

*ጎደሬ በድንች ፋንታ ባስገባ ጉሮሮ ያሳክካል።* በጎደሬ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። እጅን ደረቅ አድርጋችሁ ወይም ዘይት ተቀብታችሁ ላጡት፣ ለብቻው ሹካ እስኪሰረስረው ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ ወደ ሾርባው። አሁንም ካሳከከ አልበሰለም።

*ቦሎቄው ሦስት ሰዓት ፈልቶ አልበስል አለ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።* ወንድማችን፣ ቲማቲሙን መጀመሪያ አስገብተህ እንዳይሆን፤ ኮምጣጣ ነገር የቦሎቄን ቅርፊት ያጠነክራል። ከማታው ዘፍዝፈው፣ ጠዋት ውሃውን ቀይረህ ለብቻው ቀቅለው፣ ቲማቲሙ ቦሎቄው በጣት ሲፈርስ ይግባ። እንዲህም ሆኖ እምቢ ካለ ቦሎቄው ያረጀ ነው፤ ሌላ ጊዜ ከሌላ ነጋዴ ግዛ።